ድልድዩ ላይ የተቀባበልነው ጥሩንባ

ይህን የምጽፈው ትኩሳት ይዞት «ድካም ነው» ለሚል ሰው ነው። እኔም እንደዚያው ብዬ ነበር። ፈሪ ሰው ነኝ፤ ደፋር መስዬ የኖርኩት ሥራዬ ስላስገደደኝ ብቻ ነው።

ቀን ቀን ቡራዩ ውስጥ የብረት በርና መስኮት እሠራለሁ። ሰው ሲሞት ደግሞ ንጋት ላይ ተነስቼ የሰፈራችንን እድር ጥሩንባ እነፋለሁ። ሰፈራችንን ወንዝ ለሁለት ይከፍለዋል። ከወንዙ ማዶ ያለውን ዳገት ኦቦ ደቻሳ ይዞራሉ፤ ወዲህ ያለውን እኔ። ኦቦ ደቻሳ የአገሩ ነባር ናቸው። እኛ መጤዎቹ ቤት የሠራንበት መሬት ድሮ የእርሳቸውና የወንድሞቻቸው እርሻ ነበር። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ይጠጋል። ጥሩንባ መንፋት ያስተማሩኝም እርሳቸው ናቸው፤ «ከጉንጭህ አይደለም፣ ከሆድህ አውጣው» እያሉ።

ጥሩንባው ሁለት ነበር። አንደኛው ተሰነጠቀና ልበይደው ብዬ ወደ ሥራ ቦታዬ ወሰድኩት። ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው። ዛሬ ነገ ስል ወራት አለፉ። ስለዚህ ባንዱ ነበር የምንሠራው። ኦቦ ደቻሳ ዳገቱን ዞረው ሲጨርሱ ድልድዩ ላይ ይጠብቁኛል፤ የጥሩንባውን አፍ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረግ አድርገው ያቀብሉኛል፤ እኔ ተቀብዬ ቁልቁል እወርዳለሁ።

ኮሮና ገብቶ ክልከላው ሲጀመር ድንኳን መትከል ቀረ። ለቅሶ ቤት መቀመጥ ቀረ። ቀብር በጥቂት ሰው ብቻ ሆነ። ታክሲው ግማሽ ሰው ጭኖ እጥፍ ያስከፍል ጀመር። ጥሩንባውን ግን ማንም አልከለከለንም። እንዲያውም የበለጠ ተፈለገ፤ ሰው ለቅሶ መድረስ ባይችል እንኳ ማን እንደሞተ ማወቅ ይፈልጋል። እኔና ኦቦ ደቻሳ ደግሞ እንደኛ ጥንቁቅ የለም ብለን እናስብ ነበር። ድልድዩ ላይ ስንገናኝ አንጨባበጥም። ራቅ ራቅ ብለን እንቆማለን። እጃችንን አልኮል እንቀባለን። ከዚያ ጭምብላችንን እናወርድና አንዳችን የነፋንበትን ጥሩንባ ሌላችን አፋችን ላይ እናደርጋለን። ይህን ስጽፈው እንኳ አፍራለሁ። አንድም ቀን ትዝ ብሎን አያውቅም። ጥሩንባው የእድር ዕቃ ነው፤ እንደ ወንበሩና እንደ ድስቱ ቆጥረነው ነበር።

ሕመሙ የጀመረኝ አንድ ማክሰኞ ንጋት ላይ ነው። ጥሩንባውን ነፋሁ፤ ድምፁ መሃል ላይ ተቆረጠ። እንደገና ሞከርኩ፤ አሁንም ተቆረጠ። በር ከፍታ የወጣች ጎረቤት «ምነው ተሾመ፣ ቁርስ ሳትበላ ወጣህ እንዴ» ብላ ቀለደችብኝ። ሳቅኩላት። የሟቹን ስም ስጠራ ግን ትንፋሼ አጠረኝና ግድግዳ ተደግፌ ነው የጨረስኩት።

ረፋዱ ላይ ወገቤን ያዘኝ። ከሰዓት በኋላ አንድ በር ዝገት መከላከያ ቀለም ስቀባ ቀለሙ አልሸት አለኝ። ያ ቀለም ከመንገድ ማዶ የሚሸት ነገር ነው። አፍንጫዬን ጣሳው ውስጥ ልከተው ምንም አልቀረኝ። የሸጠልኝን ሰውዬ «ውኃ ቀላቅለህ ሸጥክልኝ» ብዬ ደውዬ ተጣላሁት። አፍንጫዬ እንደሆነ የገባኝ ማታ አልማዝ፣ ባለቤቴ፣ ሽንኩርት ስታቁላላ ነው። ሽንኩርቱም አልሸተተኝም። ሬዲዮው ስለዚህ ምልክት ደጋግሞ ይናገር ነበር። ሬዲዮውን ዘጋሁት።

አልማዝ ምች ነው አለች። ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችኝ፤ በባሕር ዛፍ ቅጠል አጠነችኝ። ላብ በላብ ሆንኩ፤ ትኩሳቱ ግን ተመልሶ መጣ። ሆዴ ያውቅ ነበር። አልማዝም ሳታውቅ አትቀርም፤ ምክንያቱም የልጆቹን ፍራሽ ምንም ሳትል ወደ ሳሎን አወጣችው።

ሐሙስ ደግሞ ሌላ ሰው ሞተ። መቅረት እችል ነበር። ግን መቅረት ማለት ታመምኩ ማለት ነው፤ በዚያ ሰሞን ታመምኩ ማለት ደግሞ ኮሮና ያዘኝ ማለት ነው። ከኛ በላይ ያለ አንድ ባለሱቅ ቤት አምቡላንስ እየጮኸ መጥቶ ሰውየውን ወስዶት ነበር። ነፃ ነው ተብሎ ከተመለሰም በኋላ ሰው ከሱቁ ክብሪት እንኳ መግዛት ተወ። ልጆቹን ሌሎች ልጆች አላጫውት አሉ። የኔ በር ላይ ያ አምቡላንስ ሲቆም ታየኝ። ለራሴ የማልደብቀው ነገር፣ ሌላውን ሰው ሁልጊዜ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብዬ እመክር የነበርኩ ሰው ነኝ።

የትኩሳት ማስታገሻ ዋጥኩና ወጣሁ። ኦቦ ደቻሳ ድልድዩ ላይ ነበሩ። እንደ ወትሮው «ፈያዳ?» አሉኝ፤ ደህና ነህ ወይ ማለት ነው። «ፈያ» አልኳቸው። ጥሩንባውን ተቀበልኳቸው፤ የኔን ወገን በሦስት ቦታ ብቻ ነፍቼ ተመልሼ ሰጠኋቸው፤ የቀረውን «እኔ እጨርስልሃለሁ፣ ደክሞሃል» ብለው በዚያው አፋቸው ላይ አድርገው ቁልቁል ወረዱ። ቆሜ አየኋቸው። መጥራት ነበረብኝ። አልጠራኋቸውም።

አርብ ክሊኒክ ሄድኩ። ለምርመራ ደም ሰጠሁ። ታይፎይድ ነው አሉኝ። ታይፎይድ ተብሎ ደስ ያለው ሰው ከኔ በፊት የነበረ አይመስለኝም። መድኃኒቱን ይዤ እየፎከርኩ ነው የገባሁት። ክሊኒኩን አልወቅስም፤ የጠየቁኝን ግማሹን ነው የመለስኩላቸው። ሽታ እንደጠፋኝ አልነገርኳቸውም።

እሁድ ጠዋት ከአልጋዬ እስከ መጸዳጃ ቤት መሄድ አቃተኝ። አሥር እርምጃ ነው። መሃል ላይ ቁጭ አልኩ። አየሩ ይገባል፤ ግን የሚጠቅመኝ አልመስል አለኝ። ጥፍሬ ጠቁሯል። አልማዝ አየችኝና ስልኳን አንስታ አምቡላንስ ጠራች። «ተይ፣ ሰው ያየናል» አልኳት። እርሷም «ይየን» አለች። ሕይወቴን ያተረፈችው በዚህች ቃል ነው ብዬ አምናለሁ።

ጣቴ ላይ እንደ ልብስ መቆንጠጫ ያለ መሣሪያ አደረጉብኝ። በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይለካል። የጤነኛ ሰው ከዘጠና አምስት በላይ ነው፤ የኔ ሰባ ዘጠኝ ነበር። የአምቡላንሱ ባለሙያ ስልክ ደጋግሞ ይደውላል። «አልጋ አለ? . . . እሺ። . . . አልጋ አለ?» ይላል። ሦስት ቦታ የለም ተባለ። ያን ጊዜ የያዘኝን ፍርሃት እንዴት እንደምናገረው አላውቅም። እስከዚያ ድረስ የምፈራው በሽታውን ነበር። ሆስፒታል ሞልቶ ሊመልሰኝ እንደሚችል አስቤው አላውቅም ነበር።

በመጨረሻ አንድ የሕክምና ማእከል አምጡት አለ፤ ግን ግቢው ውስጥ በተተከለ ድንኳን እንድጠብቅ። ወንበር ላይ ነው የተቀመጥኩት፤ ከአጠገቤ የኦክስጅን ሲሊንደር ቆሟል፤ ቱቦው ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ለኔ፣ ሌላው ከሱሉልታ ለመጣ አንድ ገበሬ ነው። ሚስቱ ከድንኳኑ ውጪ ገመድ አጠገብ ቆማ ትጠብቃለች። ሰውየው ሲሊንደሩ ላይ ያለውን የኦክስጅን መለኪያ ዓይኑን ሳይነቅል ያያል፤ መርፌዋ ዝቅ ስትል እኔን ያየኛል፤ እኔም እርሱን አያለሁ። ቶሎ ቶሎ እየተነፈሰ የኔን ይወስድብኛል ብዬ ጠላሁት። እርሱም ሳይጠላኝ አልቀረም። ሲስተሯ መጥታ ሲሊንደሩን ስትቀይረው ሁለታችንም አለቀስን።

አልጋ እስኪለቀቅ ጠብቁ ተባልን። አልጋ የሚለቀቀው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ሰውየው ድኖ ሲወጣ ነው። ከሰዓት በኋላ በወዲያኛው በር አንድ ሰው ተሸፍኖ ወጣ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ «ተሾመ» ተብዬ ተጠራሁ። የገበሬው ሚስት ስትመለከተኝ ቀና ማለት አልቻልኩም።

ከመግባቴ በፊት ነጭ ልብስ እስከ ጫማዋ የለበሰች ልጅ ወረቀት ይዛ መጣች። ባለፉት ቀናት ከማን ከማን ጋር እንደተገናኘሁ ጠየቀችኝ። አልማዝን አልኳት፣ ሁለቱን ልጆቼን፣ ሥራ ቦታ አብሮኝ የሚውለውን። «ሌላስ?» አለች። ኦቦ ደቻሳ አፌ ላይ ነበሩ። ያ አምቡላንስ እየጮኸ ዳገቱን ሲወጣ ታየኝ። እኚህን የተከበሩ ሽማግሌ ሰፈር ሁሉ እያየ ሲያወጧቸው ታየኝ። ለእርሳቸው ያሰብኩ መሰለኝ። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ስማቸውን ከጠራሁ በትኩሳቴ ላይ ጥሩንባ ማቀበሌ ይታወቃል። «ሌላ የለም» አልኳት። ጻፈችው።

ቀጥለው የመጡትን ቀናት ለይቼ አላስታውሳቸውም። በሆዴ ተኝቼ ነበር የምውለው፤ ለሳንባ ይሻላል ይላሉ። ጭምብሉ አፍንጫዬን ላጠው። ክፍሉ ውስጥ ስድስት ነን። ሐኪሞቹ ፊታቸው ስለማይታይ ስማቸውን ጀርባቸው ላይ በእስክሪብቶ ይጽፋሉ። ሲስተር ትዕግሥት የምትባል አንዲት ነርስ ነበረች፤ እግሬን በጓንት እጇ ጨበጥ አድርጋ ነው የምታልፈው። ሰው የሚነካኝ ያኔ ብቻ ነው። እርሷ ባልገባችበት ፈረቃ ሁሉ የምሞት ይመስለኝ ነበር።

በአራተኛው ቀን አልማዝ ደወለች። እርሷና ልጆቹ ተመርምረው ቀለል ባለ ሁኔታ ይዟቸው ቤት ተቀምጠዋል። የአዴ ጫልቱን ወሬ ያነሳችው በመሃል ነው። አዴ ጫልቱ የኦቦ ደቻሳ ባለቤት ናቸው፤ አልማዝ ሁለተኛውን ልጃችንን የወለደች ጊዜ አራስ ቤት የጠየቁን፣ ገንፎ ያገነፉልን ሴት። ደጃችን ድረስ ወተት አምጥተው አጥር ላይ አንጠልጥለው እንደሄዱ ነገረችኝ። «ግን ይስላሉ» አለች። «ኦቦ ደቻሳም ተኝተዋል አሉ። ምች ነው ብለው ዳማከሴ እየወሰዱ ነው።»

ስልኩን ዘጋሁት። በዚያች ደቂቃ ሲስተርን መጥራት እችል ነበር፤ ደወሉ ትራሴ ሥር ነው። ነገ ይሻላቸው ይሆናል አልኩ። አንድ ቀን ሙሉ እንዲህ እያልኩ ዋልኩ። በማግስቱ ከጎኔ የነበረው ሰው ቁርሱን ሳይጨርስ ሞተ። የወሰዱትን ካየሁ በኋላ ነው ሲስተር ትዕግሥትን የጠራኋት።

«ዋሽቻለሁ» አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት፤ ጥሩንባውን፣ ድልድዩን፣ የቀረውን ስም።

ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። «ቤታቸው የት ነው፣ ጋሼ?» ብላ መዳፏ ላይ ጻፈችው።

ባልና ሚስቱን በዚያው ቀን አመጧቸው። ከኔ አልጋ በመስኮቱ ድንኳኑ ይታያል። ኦቦ ደቻሳን በጋቢያቸው ለየኋቸው። አዴ ጫልቱ አጠገባቸው ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አጣፍተው ባላቸውን ደገፍ አድርገዋል። ሲስተር ትዕግሥት ስትገባ ምን እንደሆነ ጠየቅኳት። ልትነግረኝ አልፈለገችም ነበር። ያለው አልጋ አንድ ነው። ሐኪሞቹ የሁለቱንም ለክተው የኦቦ ደቻሳ ይበልጥ ዝቅ ብሎ ስላገኙት እርሳቸውን ሊያስገቡ ነው። እርሳቸው ለሚስቴ ስጡ ብለው እምቢ ብለዋል። ሚስታቸው ደግሞ ገፍተው እያስነሷቸው ነው።

«የኔን ለአዴ ጫልቱ ስጧቸው» አልኳት። «ድኛለሁ። ልውጣላቸው።»

«አልዳኑም፣ ጋሼ።»

ጭምብሉን አውልቄ ቁጭ አልኩ። ላሳያት ነው። እግሬን ከአልጋው አወረድኩ። መሬቱ ቀዘቀዘኝ። መሣሪያው ጣቴ ላይ ነበርና ቁጥሩ ሲወርድ ሁለታችንም እናያለን። ዘጠና ነበር፤ ሰማንያ አምስት ሆነ፤ ሰማንያ ሆነ። ልቆም ስል ግድግዳው ጠቆረብኝ። ሲስተር ትዕግሥት በሁለት እጇ አስተኛችኝና ጭምብሉን መለሰችልኝ። «እርስዎ ቢሞቱ ለእርሳቸው ምን ይጠቅማል?» አለች። እዚህ ላይ የምናዘዘው አለኝ፤ አየሩ ሲመለስልኝ ደስ አለኝ። አዴ ጫልቱ መስኮቱ ሥር ወንበር ላይ ሆነው፣ እኔ አልጋው የኔ በመሆኑ ደስ አለኝ።

ኦቦ ደቻሳ በዚያው ምሽት ገቡ፤ ለአዴ ጫልቱ አልጋ የተገኘላቸው በማግስቱ ከሰዓት ነው። በሦስተኛው ቀን አዴ ጫልቱ አረፉ።

የነገረችኝ አልማዝ ናት፤ በስልክ። ቀብሩ ላይ ልጆቻቸውና የመከላከያ ልብስ የለበሱ ቀባሪዎች ብቻ ነበሩ። በኛ ሰፈር ለአዴ ጫልቱ ጥሩንባ አልተነፋም። ነፊዎቹ ሁለታችንም ተኝተን ነበር። ብዙ ሰው መሞታቸውን የሰማው ከሳምንት በኋላ ወፍጮ ቤት ነው።

እኔ በሃያ ሁለተኛው ቀን ወጣሁ። ባንድ እጄ ሲስተርን፣ በሌላው ዱላ ይዤ። የደረጃው ሦስት እርከን እንደ እንጦጦ አቀበት ሆነብኝ። ሳንባዬ ጊዜ ይፈልጋል አሉኝ፤ እውነትም ወር ሙሉ ጫማዬን አጎንብሼ ማሰር አልቻልኩም። አሁን ሠርቼ እውላለሁ። የፈሩትን ሰዎች ለማበርታት ይህን እላለሁ፤ ሰባ ዘጠኝ የነበረ ሰው ይድናል። እኔ ድኛለሁ።

ኦቦ ደቻሳም ከኔ አሥር ቀን ዘግይተው ወጡ። ሄጄ ለማጽናናት ሁለት ወር ፈጀብኝ። አልማዝ ስትጠይቀኝ ትንፋሼ አላስኬደኝም እላት ነበር። ትንፋሼ አልነበረም። በጠዋት ነቅቼ ኮርኒሱን እያየሁ፣ እኚህን ሰው ሚስታቸውን የገደልኩባቸው እኔ ነኝ እያልኩ ነው የምውለው። አንድ ቀን ጠርተው የሚጠይቁኝ እየመሰለኝ ስልክ በጮኸ ቁጥር እደነግጥ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ቆርጬ ሄድኩ። ግቢያቸው ውስጥ ግራር ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ጋቢው ሰፍቷቸዋል። ራቅ ብዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ነፍስ ይማር አልኩ፤ ከዚያ ሳልቆም ሁሉንም ተናገርኩት። ማክሰኞ እንደጀመረኝ፣ ሐሙስ ትኩሳቱ እያቃጠለኝ ጥሩንባውን እንደሰጠኋቸው፣ ስማቸውን ስጠየቅ እንደካድኩ፣ ሰምቼም አንድ ቀን ዝም እንዳልኩ። ቀና ብዬ አላየኋቸውም።

በርጩማቸውን ወደኔ አዞሩ።

«ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «እኔን እሁድ ነው ያተኮሰኝ። ካንተ ሁለት ቀን በፊት።»

አልገባኝም።

«ማክሰኞ ጥሩንባውን ስሰጥህ እያተኮሰኝ ነው። ሐሙስ ደክመህ ሳይህ ከኔ እንደያዘህ አወቅሁ። ለዚያ ነው እኔ ልጨርስልህ ያልኩት። ልነግርህ አፈርኩ። ጫልቱም ጠይቃኝ ነበር። 'ሰውነትህ ይፋጃል' አለችኝ። ፀሐይ መቶኝ ነው አልኳት።» ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። «አንተ ስሜን ለሐኪም ነገርክ። እኔ ለሚስቴ እንኳ አልነገርኩም።»

ማን ለማን እንዳስተላለፈ ሐኪሞችም አያውቁም። ሰው ትኩሳቱ ከመጀመሩ ከቀናት በፊት ይያዛል ይላሉ፤ ስለዚህ ከእርሳቸው ወደኔ ሊሆን ይችላል፣ ቀደም ካለ ሌላ ለቅሶ ላይ ከኔ ወደ እርሳቸው ሊሆን ይችላል። ቤት ስመለስ ይቀለኛል ብዬ ነበር፤ ጥፋቱ የሁለታችን ከሆነ ግማሹ ነው የሚደርሰኝ። አልቀለለኝም። ሁለታችንም እናውቅ ነበር፤ የማያውቁት አዴ ጫልቱ ብቻ ነበሩ። ሳያውቁ አስታመሙ፣ ሳያውቁ ለኛ ቤት ወተት አመጡ።

አምስት ልጆች አሏቸው። እናታችንን በሽታው ወሰደብን ብለው ነው የሚያምኑት። ትልቋ ሰበታ ነው የምትኖረው፤ እኔን ባየችኝ ቁጥር «እንኳን አንተ ተረፍክልን» እያለች ጉንጬን ትስመኛለች። ይህን ጽሑፍ ሰው ከማየቱ በፊት እነርሱ መስማት አለባቸው ብለን ከኦቦ ደቻሳ ጋር ተስማምተናል። ልጆቹ የፊታችን እሁድ ምሳ ላይ ይሰበሰባሉ። ማን ቀድሞ ይናገር በሚለው ላይ ገና አልተስማማንም። ዛሬ ሐሙስ ነው። ድንኳኑ ውስጥ የኦክስጅኑ መለኪያ መርፌ ስትወርድ እያየሁ የፈራሁትን ያህል ፈርቻለሁ።